ውሃ ውስጥ እሺ ለማለት

ላንጋኖ ሐይቅ ውስጥ የመጀመሪያውን ውሃ የዋጥኩት በትሕትና ምክንያት ነው።

ውሃው ደረት በሚደርስበት ቦታ በሆዴ ተንሳፍፌ ነበር። ፊቴ ውሃ ውስጥ ነው፤ ዓይኔንና አፍንጫዬን የጠላቂ መነጽር ሸፍኖታል፤ አፌ ውስጥ የነከስኩት የመተንፈሻ ቱቦ በጆሮዬ በኩል አልፎ ጫፉ ወደ ሰማይ ወጥቷል። አሠልጣኛችን አጠገቤ ቆመው «መምህር፣ ትከሻህን ልቀቀው» አሉኝ። ታላቅ ሰው ሲያናግረኝ ዝም ማለት አላደግኩበትም። ስለዚህ እሺ አልኳቸው። ያልኳቸውም ሁላችንም እንደምንለው ነው፤ ቃል ሳላወጣ፣ አየር ፈጠን አድርጌ ወደ ውስጥ በመሳብ። በዚያችው ቅጽበት ትንሽ ሞገድ የቱቦውን ጫፍ አልፎ ገብቶ ነበር። አየር ብዬ የሳብኩት ውሃ ሆነና ትን አለኝ።

እያሳለኝ ስቆም አሠልጣኙ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም፣ ጋሼ። እሺ እያልኩዎት ነበር።»

«ማን እሺ በል አለህ? እኔ ትከሻህን ልቀቅ ነው ያልኩህ!»

ይህችን እስትንፋስ ማብራራት ያስፈልገኛል፤ ሁላችንም ስለምናደርጋት ማናችንም አናስተውላትም። ሰው ሲያጫውተን በየመሐሉ አየር ሳብ እናደርጋለን። «እየሰማሁህ ነው» ማለት ነው። ባለሱቁን «ዳቦ አለ?» ስንለው ሳብ ያደርጋል። «አለ» ማለቱ ነው። ስልክ ላይ እንኳ፣ ፊታችን በማይታይበት፣ ሳብ እያደረግን ነው የምናዳምጠው። የሌላ አገር ሰው ቢያየን የደነገጥን ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ ይብስብኛል። አዳማጭ ልጅ ተብዬ ያደግኩ ነኝ፤ አሁን ደግሞ አሰላ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ስብሰባ ላይ ከፊት ወንበር ከሚቀመጡት መምህራን አንዱ ነኝ።

ወደ ውሃ ያስገባኝም ትምህርቱ ነው። የፈሳሽ ግፊት ሳስተምር የፕላስቲክ ጠርሙስ ጎን ላይ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ እበሳለሁ፤ ከታችኛው ቀዳዳ የሚወጣው ውሃ ርቆ ሲፈናጠቅ ግፊት ወደ ታች እንደሚጨምር ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። አንድ ቀን ሰውም ወደ ጥልቅ ውሃ ሲወርድ ጆሮው ላይ ይህንኑ ግፊት እንደሚሰማው እየተናገርኩ ሳለ ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እርስዎ ገብተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አልኳት።

«እኛስ የት እንገባለን? ከጭላሎ የሚወርደው ወንዝ ጉልበት አያልፍም።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄዋ አብሮኝ ገባ። ያላየሁትን ነገር ለስንት ዓመት ላስተምር ነው?

በዚያው ሰሞን ከመምህራን ጋር ለሽርሽር ላንጋኖ ወረድን። ሐይቁ ዳር መነጽርና ቱቦ ያደረጉ ሰዎች አየሁ። ከአዲስ አበባ የመጡ የዋናና የጠለቃ ክበብ አባላት ነበሩ፤ ሥራቸው ሌላ ሌላ ነው፤ ለመዝናናት ነው የሚጠልቁት። አየር የተሞላ ሲሊንደር ተሸክመው የሚወርዱት ቢሾፍቱ ሐይቆች ውስጥ ሲሆን አዲስ ገቢዎችን በቱቦ የሚያለማምዱት እዚህ ነው። የላንጋኖ ውሃ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፤ ክንድህን ብትዘረጋ ጣትህን አታይም። አሠልጣኙን፣ በወጣትነታቸው ቀይ ባሕር ላይ የሠሩ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው፣ «ታዲያ እዚህ ምን ይታያል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምንም። እዚህ የሚመጣው ሊተነፍስ እንጂ ሊያይ አይደለም። መተንፈስ ከተማርክ በኋላ የሚታይበት ቦታ እወስድሃለሁ።»

መልሱ ደስ አለኝ። ቅደም ተከተል ያለው ነገር እወዳለሁ። በወር አንዴ በኦጎልቾ በኩል ወደ ባቱ፣ ከባቱም ወደ ሐይቁ እየወረድኩ ከክበቡ ጋር መለማመድ ጀመርኩ።

እዚያ ነው አንድ ጆንያ ያየሁት። ክበቡ ዕቃውን በአዲስ ሲቀይር አሮጌዎቹን መነጽሮችና ቱቦዎች ጆንያ ውስጥ ከትቶ አስቀምጧቸዋል። አሮጌ ይባሉ እንጂ ላስቲካቸው ደህና ነው። ትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለው፤ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አለው፤ የውሃ ክበብ ለምን አይኖረውም? ርእሰ መምህሩን አስፈቀድኩ፤ «ዕቃና የሚችል ሰው ካገኘህ ቀጥል» አሉኝ። ለልጆቹም ነገርኳቸው። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ ከሁሉ ቀድማ ተመዘገበች።

አሠልጣኙን ጆንያውን ስጠይቃቸው አልከለከሉኝም፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ።

«ልጅ ይዘህ ውሃ ልትገባ ነው። እዚያ ቢጫዋ ጀሪካን ትታይሃለች?» ድንጋይ ታስሮባት ሐይቁ ላይ የምትንሳፈፍ ጀሪካን ነበረች። «እስከ እሷ ደርሰህ ትመለሳለህ። ቀና ማለት የለም። እኔ ጎን ለጎን እየዋኘሁ አወራሃለሁ፤ በመሐል ቱቦህን ውሃ እሞላዋለሁ። ፊትህን ሳታነሣ በትንፋሽህ ገፍተህ ታወጣዋለህ። ይህን ከቻልክ ጆንያው ያንተ ነው።»

በቱቦ የገባን ውሃ ማውጣት ከባድ አይደለም። ፉ ብሎ አንዴ በኃይል መተንፈስ ነው። ከባዱ ሲያወሩኝ ነው። በመጀመሪያው ፈተና ገና ግማሽ መንገድ ሳልደርስ «እግርህን አታጥፍ» ሲሉኝ ሳብ አደረግኩና ትን አለኝ። በሚቀጥለው ወር ጀሪካኗን ነክቼ ስመለስ «ፀሐዩ ዛሬ ያቃጥላል፣ አይደል?» አሉኝ። ስለ ፀሐይ! ሳብ አደረግኩ። እያሳለኝ ደረቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

«መምህር፣» አሉኝ ዳር ስንወጣ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጨዋ ልጅ ነህ። ጨዋነትህ ግን ያሰምጥሃል። ልጅ አጠገብህ ትን ብሎት አንተም ትን ካለህ ማን ማንን ያወጣል? ከክረምት በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምንመለሰው። ያኔም ካልሆነ ጆንያውን ባቱ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ይወስደዋል፤ እነሱም ጠይቀውኛል።»

በሚኒባስ ወደ አሰላ ስመለስ ግራሩ አልቆ የስንዴው ማሳ ሲጀምር አንድ ነገር ወሰንኩ። ላንጋኖ በወር አንዴ ነው የማገኘው፤ ልማዴ ግን ያለው አሰላ ነው። ስለዚህ ከልማዴ የምላቀቀውም አሰላ ነው።

የምኖረው በአንዲት ጡረታ የወጡ እናት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። በሰፈራችን እንደ እሳቸው ወሬ የሚያጣፍጥ የለም። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እያፈራረቁ ሲያወሩ መንገደኛው ሳይቀር አጥር ተደግፎ ያዳምጣል። በማግስቱ ጠዋት ትልቁን ሳፋ ውሃ ሞልቼ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና መነጽሬንና ቱቦዬን ይዤ አስረዳኋቸው።

«እማማ፣ እኔ ፊቴን እዚህ እነክራለሁ። እርስዎ ያወሩኛል። ልብ ይበሉ፣ እኔ ሳብ ካደረግኩ በቱቦው ጫፍ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ ያደርጋሉ።»

«ያ ኢልማ ኮ!» አሉ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «በስተርጅና ሰው ልግደል?»

«አንድ ማንኪያ አይገድልም።»

«በስንዴ አገር ምን የውሃ ትምህርት አመጣህ? ይሁን። የትኛውን ወሬ ነው የምትፈልገው?»

«የሚጣፍጠውን።»

የአሰላ የጠዋት ውሃ እንደ በረዶ ነው፤ ግንባሬ ደነዘዘ። እሳቸው ማንኪያቸውን ይዘው ተቀመጡና ጀመሩ።

«ከዳቦ ቤቱ ጎን ያሉት ሰዎች ልጃቸውን ዳሩ አይደል? አይተሃል፣ ያ ሁሉ ድንኳን! እንግዲህ የሙሽሮቹ መኪና ገና አስፋልቱ ላይ ሳይወጣ ጎማው ጧ! ጎሚስታ ቤት ወሰዱት። ቪዲዮ አንሺው ደግሞ አዳራሽ ደርሶ ‹ሙሽራ የለም ወይ?› እያለ ይደውላል። ሙሽሪት ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ቬሎዋን ሰብስባ ባጃጅ ጠርታ ሄደች!»

ጥርሴን ቱቦው ላይ ነክሼ ያዝኩ።

«ሙሽራውስ አትልም? ሙሽራው ሱፉን እንደለበሰ ጎማ ሲያስነፋ ቀረ!»

ሳብ። ወዲያው ማንኪያው ጠብ አለ። ፊቴን አውጥቼ ስስል እማማ ከሳቃቸው የተነሣ ማንኪያውን ጥለውታል።

በየጠዋቱ እንዲህ ሆነ። ክፍል ከመግባቴ በፊት አንድ ወሬ፣ አንድ ሳፋ። ቀስ በቀስ ዝም ማለት ቻልኩ። እጄን ወደ ላይ አውጥቼ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ክብ እሠራለሁ፤ ጠላቂዎች «ደህና ነኝ፣ ገብቶኛል» የሚባባሉበት ምልክት ነው። ተሳካልኝ ስል ግን እማማ አኮረፉ።

«በቃኝ» አሉ አንድ ጠዋት፣ ማንኪያውን ሳፋው ጠርዝ ላይ አስቀምጠው። «ከግድግዳ ጋር አላወራም።»

«እማማ፣ እየሰማሁ ነው እኮ። ጣቴን አላዩም?»

«ጣትህን ምን ላድርገው? ሰው ሳብ ካላደረገልኝ ወሬው ከአፌ አይወጣም።»

ልማዱ ሳፋው ላይ ብቻ ቢቀር ምንም አልነበረም። ትምህርት ቤትም ተከተለኝ። ስብሰባ ላይ ርእሰ መምህሩ ወደ እኔ እያዩ ሲናገሩ እንደ ድንጋይ ዝም አልኩ። ሲወጡ ጠጋ ብለውኝ «መምህር፣ ቅር ያሰኘሁህ ነገር አለ?» አሉኝ። ይባስ ብሎ ከአንድ ባልደረባችን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ አጠገቤ ያሉ ሽማግሌ ስለ ሟቹ ደግነት በሐዘን ሲነግሩኝ፣ ሳላስበው እጄ ተነሥቶ በጣቴ ክብ ሠራ። ሽማግሌው ጣቴን አዩ፤ ፊቴን አዩ፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ዞሩ። አብራኝ የመጣችው የሒሳብ መምህርት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስንወጣ «ምን ማለትህ ነው? ዜሮ ሰጠሃቸው?» አለችኝ።

ያን ቀን ማታ ነገሩን በሥርዓት አሰብኩት። ሐይቁ ውስጥ ለመዳን የሰውን ፊት የማላይ ሰው ልሁን? ልጆቹ መጀመሪያ ከእኔ የሚማሩት ለሚያናግራቸው ሰው ዝም ማለት ከሆነ ምኑን አስተማርኩ? ቢሆንም ጆንያውን ለመተው አልፈለግኩም። የፈተናው ቀንም እየደረሰ ነበር።

መፍትሔውን ሻይ አሳየኝ። በማግስቱ እማማ ኩርፊያቸውን ረስተው ስለ ጎረቤት ዶሮዎች ይነግሩኛል፤ እኔ ትኩስ ሻዬን እፍ እፍ እያልኩ አዳምጣለሁ። እሳቸው አንድ ነገር ይላሉ፤ እኔ እፍ እላለሁ። ይቀጥላሉ። እፍ። ይቀጥላሉ። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

«እማማ፣ አሁን ሳብ አድርጌያለሁ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«አላደረግኩም። እፍ ነው ያልኩት። እርስዎ ግን ወሬዎን አላቋረጡም።»

«ታዲያ ትንፋሽህ ይሰማኝ ነበራ!»

የፈለጉት ትንፋሼን ነበር፤ ወደ ውስጥ ይሂድ ወደ ውጭ ግድ አልሰጣቸውም። ቱቦው ደግሞ የሚፈልገው ወደ ውጭ የሚሄደውን ነው። ሻዬን ሳልጨርስ ሳፋውን ሞላሁ። ደንቡን ለወጥን፤ እማማ በፈለጉበት ቦታ ማንኪያቸውን ጠብ ያደርጋሉ፤ እኔም ወሬያቸው መልስ በሚፈልግበት ሁሉ፣ ውሃ ኖረም አልኖረም፣ በኃይል ፉ እላለሁ።

«ሙሽራውማ» አሉ ያንኑ ሰርግ ካቆሙበት ቀጥለው፣ «አዳራሽ ሲደርስ ዘበኛው አላስገባም አለው!»

ፉ! በቱቦው የወጣው ውሃ ሽቅብ ተተኮሰ።

«ዋይ! ማል ታቴ?» አሉ፤ ምን ሆንክ ማለታቸው ነው። «ፊቴን አጠብከኝ እኮ!»

በማግስቱ ዣንጥላ ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እሳቸው ዣንጥላ ዘርግተው፣ እኔ ሳፋ ውስጥ፣ እንዲህ ስንቀጥል የሰፈሩ ሰው አጥሩ ላይ ተደርድሮ ያይ ነበር። አንዱ «መምህር፣ ዓሣ ሆኑ?» ይለኛል። እኔም በቱቦው ፉ እልለታለሁ። ትንፋሼ መንገዱን እስኪለውጥ ድረስ አንድም ጠዋት አላመለጠኝም።

የፈተናው ቀን ላንጋኖ ላይ ነፋስ ነበር። ሞገዱ ዳሩን እየመታ ጀሪካኗን አንዴ ያሳያታል፤ አንዴ ይደብቃታል። ጆንያው የክበቡ መኪና ላይ ተጭኗል፤ ወደ አሰላ ይሂድ ወደ ባቱ ገና አልታወቀም። አሠልጣኙ መነጽሬን አዩልኝና «እንሂድ» አሉ። ፉ አልኳቸው። በአንድ ዓይናቸው አዩኝ።

ፊቴን ነከርኩ። ከታች ቡናማ ብቻ ነው፤ እጄ ከክርኔ በታች ጠፍቷል። እግሬን እየዘረጋሁ ሄድኩ። «ወደ ግራ ወጥተሃል» አሉ። ፉ። ተስተካከልኩ። «ልጆቹ ብዙ ናቸው?» ፉ። ወዲያው ቱቦዬን በእጃቸው ወደ ውሃው አዘነበሉት። አፌ ውስጥ ጨው ጨው የሚል ውሃ ሲደርስ ተሰማኝ፤ ደረቴ አንዴ ፈራ ተባ አለ፤ ፉ ብዬ ገፋሁትና ከዚያ አየር በቀስታ ሳብኩ። እጄ ጀሪካኗን ነካ። ዞርኩ።

መመለሻው ላይ ዝም አሉ። ዝምታቸው ከወሬያቸው ይልቅ አስፈራኝ። የሞገዱ ጀርባ ላይ ስንደርስ፣ ዳሩ ገና ሩቅ ሳለ፣ በጆሮዬ በኩል ጎንበስ ብለው ለስለስ ባለ ድምፅ «ጎበዝ፣ መምህር። በቃ አልፈሃል፤ ጆንያው ያንተ ነው» አሉኝ። ይህን ሲሉ ቱቦዬን ውሃ ሞልተውት ነበር።

ሰው ሲያመሰግነን ነው ከምንም በላይ ሳብ የምናደርገው። ደረቴ ሊከፈት ጀመረ። የጎድን አጥንቴ ሲነሣ ይሰማኛል። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ ይህንኑ ውሃ አፏ ውስጥ ይዛ አጠገቤ ተንሳፍፋ ታየችኝ። ፉ! ባለኝ አየር ሁሉ አወጣሁት። ውሃው የት እንደደረሰ አላየሁም፤ አሠልጣኙ ግን «ወይኔ፣ ዓይኔን!» ሲሉ ሰማሁ። እኔ አልቆምኩም። ጉልበቴ አሸዋ እስኪነካ ድረስ ፊቴን አላነሣሁም።

ቆሜ ቱቦዬን ከአፌ ሳወጣ አሠልጣኙ ፊታቸውን እየጠረጉ ደርሰዋል።

«አሁን ከምሬ ነው» አሉ። የእማማን ሳፋ ስነግራቸው ሳቁ። «ጆንያውን አውርድ። ግን ልጆቹን ሳፋ ላይ ሳታስጨርስ ሐይቅ እንዳታመጣብኝ።»

ሳብ አደረግኩ። አየር ብቻ ነበር የገባው።

«እዚህ ይቻላል» አሉኝ።

የክበባችንን የመጀመሪያ ቀን ያደረግነው በትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ ዛፎቹ ሥር ነው። ልጆቹ ከየቤታቸው ሳፋ ይዘው መጥተዋል፤ መነጽሮቹና ቱቦዎቹ በፈላ ውሃ ታጥበው ጠረጴዛ ላይ ተሰልፈዋል። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስረዳሁ፤ ቱቦው ለምን ረጅም እንደማይሆን፣ ውሃ ሲገባ ለምን ፉ እንደሚባል፣ ሰው ሲያናግራችሁ ለምን አየር እንደማትስቡ፣ ይህች ልማድ እኔን ስንት ውሃ እንዳጠጣችኝ። ጥቁር ሰሌዳውን ሜዳው ላይ አስወጥቼ ሥዕል ሁሉ ሣልኩ።

«ገባችሁ?» አልኩ።

ሁሉም ባንድ ላይ ሳብ አደረጉ። ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ፣ ዛሬ ከፊት ናት፣ ከሁሉም ይበልጥ ጮክ አድርጋ።

«ሳፋዎቹን ሙሉ» አልኳቸው።

እማማ ከዛፉ ሥር ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ፤ ዣንጥላቸውን ዘረጉ፤ ማንኪያቸውን ከቦርሳቸው አወጡና ልጆቹ ፊታቸውን እስኪነክሩ ጠብቀው «እንግዲህ የሙሽሮቹ መኪና» ብለው ጀመሩ።